የተሰካውን የምታውቀው ሳጥን

“ቀላል ነው” የምትለዋን ቃል ከአፌ የሚሰርቅልኝ ሌባ ቢገኝ፣ በሩን ከፍቼ መብራት አብርቼ አስገባው ነበር። ሶፋችንን የገጣጠምኩት “ቀላል ነው” ብዬ ነው፤ ዛሬም እላዩ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ወደ ግራ እያዘነበለ ነው የሚያወራው። አሁን የምነግራችሁም ጣጣ የጀመረው በዚችው ቃል ነው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ባንድ የለም። ነበረ፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም የሥራ ፈረቃው እሁድ ላይ ወደቀና ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘማሪዎቻችን የሚዘምሩት በተቀዳ ሙዚቃ ነው። ይህን ሙዚቃ “ትራክ” ነው የምንለው። ሁሉም ትራኩን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ ላፕቶፑም ልክ በዚያች ሰዓት “አፕዴት ላድርግ” ብሎ ይተኛል። ጉባኤው ቆሟል፣ ዘማሪዋ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታለች፣ ላፕቶፑ ክብ እያዞረ ነው። መጋቢ ቢንያም “ወገኖች፣ በጸሎት እንቆይ” ይላሉ። ከጸሎታችን እኩሌታው ስለ ላፕቶፑ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጋቢ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

“ወንድሜ፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ አይደል?”

ነኝ፤ ግን ሰው እንደሚያስበው ዓይነት አይደለሁም። የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ዕቃ ሆድ ውስጥ የሚቀበሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሚሠሩበት ቤት ነው። የእኔ ድርሻ አንዲት ጉዳይ ናት። ማሽኑ እየሠራ ሳለ አንድ ነገር ሲሰካበት “መጣ”፣ ሲነቀልበት “ሄደ” ብሎ እንዲያውቅ ማድረግ። በሙያችን “ሆትፕለግ” ይሉታል። ትልቅ ኮምፒውተር ለዚህ ሎሌ ሞልቶታል። ትንሹ ግን በር የሚከፍተውም፣ ወጥ የሚያማስለውም፣ እንግዳ የሚያጫውተውም አንድ ሰው እንደሆነበት ቤት ነው። ወጡን ሲያማስል በሩን አይሰማም፤ በሩን ልክፈት ሲል ወጡ ያርራል።

“ነኝ መጋቢ” አልኩ።

“እንግዲያው ፍላሽ ሲሰኩበት የሚዘምር፣ ሲነቅሉት ዝም የሚል ነገር ይኖር ይሆን? ሌላ ምንም አያድርግ።”

“ቀላል ነው።”

ባለቤቴ ትዕግስት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ዘግይታ ነበር።

ሳጥኗን ሠራኋት። የሳሙና መያዣ ታክላለች፤ ከፊቷ አራት ቀዳዳ፣ ከኋላዋ አንድ ወደ ስፒከር፣ አንድ ወደ መብራት የሚሄድ ገመድ። የመጀመሪያውን ሙከራ ሳሎናችን ውስጥ አደረግኩ። ተመልካቿ አማቴ እማማ ብርሃኔ ነበሩ። ትንሿ ልጃቸውን ሕሊናን ሊድሩ ከሐዋሳ መጥተው እኛ ቤት ነው ያረፉት። ሶፋው ላይ ወደ ግራ አዘንብለው ተቀምጠዋል።

ፍላሹን ሰካሁ። ሳጥኗ “ጌ… ጌ… ጌ… ጌታ ሆይ” አለች።

“ይኼ ነገር ይንተባተባል እንዴ?” አሉ እማማ።

“አይ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። ብረት ብረትን ሲነካ ይዘላል፤ ለእኛ አንዴ የተሰካው ለእሷ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ ነው።”

“የአንተ እጅ ቢንቀጠቀጥ እሷ ለምን ትንተባተባለች?”

እጄን ትቼ ሳጥኗን መከርኳት። ወሬ ሲደርስሽ ቶሎ አትመኚ፤ ትንሽ ቆይተሽ እውነት መሆኑን አረጋግጪ አልኳት። ተቀበለች። ለሰው ቢሆን እንዲህ በአንድ ከሰዓት አይሳካም።

እሁድ መጣ። እህት ማርታ የመጋቢ ባለቤትና የመዘምራኑ መሪ ናት። ድምጿን ሰምቶ የማያውቃት ሰው በከተማው አበሻ መሃል የለም። ፍላሿን ሰካሁላት፤ ሳጥኗ አልተንተባተበችም። እህት ማርታ ሁለተኛውን አዝማች ጨርሳ፣ እንባዋ መጣና መዘመሩን ትታ መጸለይ ጀመረች። በእጇ “አቁመው” አለችኝ። እኔም ፍላሹን ነቀልኩ።

ሙዚቃው ቀጠለ።

ፍላሹን አየሁት። እጄ ላይ ነው። ሳጥኗን አየኋት። ቀዳዳዋ ባዶ ነው። ሙዚቃው ግን ክራሩም ዋሽንቱም ሳይቀር እየሄደ ነው። ግራ ሲገባኝ ፍላሹን ከፍ አድርጌ ለጉባኤው አሳየሁ። ምን ታስባላችሁ ለማለት መሰለኝ፤ ዛሬም አልገባኝም።

ከፊት ወንበር አንዲት እናት “ሃሌ ሉያ! ያለ ዕቃ የሚሠራ አምላክ!” አሉ። ከኋላ ደግሞ አንድ ወንድም “አንተ መንፈስ፣ በኢየሱስ ስም ዝም በል!” ብሎ ተነሣ። የፊተኛው ግማሽ ያመሰግናል፣ የኋለኛው ግማሽ ይገሥጻል። እኔ መሃል ላይ ፍላሽ ይዤ ቆሜአለሁ። ያ ወንድም ለሁለተኛ ጊዜ ሲገሥጽ መዝሙሩ በራሱ ጊዜ አለቀና ጸጥ አለ። ሁለቱም ወገን አሸነፍን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መጋቢን ለብቻ ይዤ አስረዳኋቸው። ሳጥኗ መዝሙሩን በሙሉ አስቀድማ ሆዷ ውስጥ ከታዋለች። ስትዘምር ሥራ ስለበዛባት ፍላሹ መሄዱን አልሰማችም።

“ሶ፣ ሄዶ ሳለ ያለ መሰላት?”

“አዎ መጋቢ።”

“አይፈረድባትም። እኔም ራቅ ብላ ያለችው ማኪኒ ከተማ ቤት ገዝተው የሄዱትን ምዕመናን እስከ አሁን ሰኞ ሰኞ ለጸሎት እደውልላቸዋለሁ። ማንም ‘ሄጃለሁ’ አላለኝም።”

ከዚያ በኋላ ወረፋ አወጣሁላት። መጣ የሚል ወሬም ሆነ ሄደ የሚል ወሬ ይሰለፋል፤ ሳጥኗ እየዘመረችም በየመሃሉ ፋታ እየወሰደች ከፊት ጀምራ በየተራ ታስተናግዳለች። ሁለት ፍላሽ ቢሰካ ደግሞ ቀድሞ የመጣው ይቀድማል፤ እሱ ሲነቀል ተረኛው ይቀጥላል። ታክሲ ሲመጣ ሰልፍ እንዴት እንደሚሆን እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ ወረፋ ይከበራል ብዬ ማመኔ ይገርመኛል። ግን ሠራች። እሁድ ከእሁድ እንከን አልተገኘባትም። ሰዎች ፓርኪንግ ላይ እያስቆሙ ያመሰግኑኝ ጀመር፤ እኔም ከመኪናዬ ራቅ ብዬ ፓርክ ማድረግ ጀመርኩ፣ መንገዱ ረዘም እንዲል።

ሙሽራዋ ሕሊና ይህን ሰማች።

“ኦ ማይ ጎሽ፣ ያቺን ቦክስ ለሠርጌ ታመጣልኛለህ? ማለቴ፣ ዲጄ አልፈልግም። ዲጄ ዝም በል ሲሉት ዝም አይልም።”

“ቀላል ነው።”

ትዕግስት በዚህኛው አልጎሸመችኝም። ቀና ብላ ጣሪያውን ብቻ አየች።

ሠርጉ ማኪኒ ነበር፤ ድሮ የከብት በረት የነበረ፣ አሁን ለሠርግ የሚከራይ ትልቅ የእንጨት ቤት ውስጥ። እማማ ብርሃኔ ይህን የሰሙት በሩ ላይ ሲደርሱ ነው።

“ልጄን በረት ውስጥ ነው የምድራት?”

“እዚህ አገር ፋሽን ነው እማማ” አለች ትዕግስት።

“ከብቶቹስ የት ሄዱ?”

እማማ መልስ ሳይጠብቁ ገቡና ከፊት ወንበር፣ ከአበባው ጀርባ ሳጥኗን ካስቀመጥኩበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። የሳጥኗን የመብራት ገመድ እንዳይታይ ብዬ በመድረኩ ሥር፣ በምንጣፉ ውስጥ፣ በአበባው ማሰሮ ዙሪያ አሳልፌዋለሁ። እንዲህ አድርጎ ገመድ የደበቀ ሰው የለም። ራሴም ዳግመኛ አላገኘሁትም።

የሙሽራዋ መግቢያ ሙዚቃ ያለበትን ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ለቃል ኪዳኑ የሚሆነውን እህት ማርታ አዘጋጅታለች።

“የቃል ኪዳኑ ትራክ ቦርሳዬ ውስጥ አለልህ” አሉኝ መጋቢ።

ቦርሳቸውን ከፈትኩ። ሁለት ጥቁር ፍላሾች አሉ። አንዱ ራቁቱን ነው። ሌላኛው ላይ ወረቀት ተለጥፎ በእህት ማርታ እጅ “ትራክ” ተብሎ ተጽፎበታል። አስተዋይ ሰው የትኛውን ያነሣል? እኔም ያንኑ አነሣሁ።

በሩ ተከፈተ። የሙሽራዋን ፍላሽ ሰካሁ፤ ሙዚቃው እንደ ማር ፈሰሰ። መጋቢ መድረኩ ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው፣ ሙሽራው አጠገባቸው ላብ በላብ ሆኖ ቆመዋል። “ትራክ” የሚለውን ፍላሽ ተራውን እንዲጠብቅ ከጎኑ ሰካሁት። ሕሊና ነጭ በነጭ ሆና ብቅ አለች፤ ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም እጄን አጣምሬ፣ የልጁን ምረቃ እንደሚያይ አባት ሳጥኗን በኩራት ተመለከትኳት።

በዚህ ጊዜ የእማማ ብርሃኔ ስልክ ባትሪ ሊያልቅ ነው። ልጃቸው እየገባች፣ ሐዋሳ ዘመድ ቪዲዮ እየጠበቀ፣ ስልካቸው ሊጠፋባቸው! ከቦርሳቸው ገመድ አወጡ። ዙሪያቸውን ቃኙ። አበባው ጀርባ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ያላት ሳጥን አዩ። ሰኩ።

የራበው ስልክ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አይግደረደርም፤ የሳጥኗን አቅም በአንድ ጉርሻ ዋጠው። ሁለቱም ፍላሾች ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጠፉ። ሳጥኗ “ሁሉም ሄዱ” አለች። ወዲያው መብራቱ ተስተካከለና ሁሉም ተመልሰው መጡ። ግን ቀድሞ የደረሰው “ትራክ” ነው። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል ብዬ አስተምሬአታለሁ፤ እሷም ሕጓን አከበረች።

ሙዚቃው ተቆረጠ። ሕሊና አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች። ከስፒከሩም የእህት ማርታ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

“ጥያቄ ዘጠኝ። ረጅም ቁልቁለት እየወረድክ ብሬክህ ቢከዳህ ምን ታደርጋለህ?”

ብዙው ሰው ስለ ትዳር የተዘጋጀ ምክር መሰለው። አንድ ሽማግሌ “እውነት ነው፣ ይከዳል” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሀ፣ በሩን ከፍተህ ትዘላለህ። ለ፣ ጡሩምባ እየነፋህ ትቀጥላለህ። ሐ፣ ብሬክ ለከዳው መኪና ወደተሠራው የማምለጫ መንገድ ትገባለህ።”

ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ፈራ ተባ እያለ፣ “ለ?” አለ።

የመጋቢ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ከስፒከሩ ወደ መድረኩ ዞረ። መጋቢ እንደ ሐውልት ቆመዋል።

“ቢኒ! ጡሩምባ ብሬክ ነው እንዴ? ትናንትም ይህንኑ ነው የሳትከው! ትራኩን ልትነዳው ነው ወይስ ልትሰብክለት?”

ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች በሙሽራው ጓደኞች የተሞሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከባድ መኪና ነጂዎች። እንደ ተማሪ በአንድ ድምፅ “ሐ!” አሉ።

ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው። ትራክ የተባለው መዝሙሩ አልነበረም፤ አሥራ ስምንት ጎማ ያለው ከባድ መኪና ነው።

ዘልዬ ፍላሹን ነቀልኩት። “ጥያቄ አሥር” አለች ሳጥኗ። የሙሽራዋንም ነቀልኩ፣ የእማማንም ገመድ ነቀልኩ። “በረዶ ላይ ስትነዳ” እያለች ቀጠለች። ለካ ስልኩ ከተሰካ ጀምሮ “ልግባ? ልግባ? ልግባ?” እያለ ወረፋውን ሞልቶታል። የእኔ ነቀላ ሁሉ ከሰልፉ መጨረሻ ተራውን እየጠበቀ ነው። መብራቱን ላጥፋ ብዬ ገመዱን ስከተል ምንጣፍ ሥር ገባሁ፤ ከምንጣፉ የአበባ ማሰሮ ላይ ደረስኩ፤ ማሰሮው ወደቀ። የስፒከሩን ገመድ መንቀል ብቻ ይበቃ ነበር። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ በማግስቱ፣ ሻወር ውስጥ ነው።

ከምንጣፉ ብቅ ስል መጋቢ ማይኩን ይዘዋል።

“ወገኖች” አሉ። “አስተማሪዋ ማርታ ናት። ተማሪው እኔ ነኝ፤ ደጋግሜ እንድሰማው ቀድታልኝ ነው። ልጆቻችን ኮሌጅ እየደረሱ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትራክ ልነዳ አስቤአለሁ። እሁድ እዚሁ ነኝ። ‘መጋቢው ጥሎን ሄደ’ እንዳትሉ ፈርቼ የምነግርበትን ቀን ስመርጥ ከረምኩ። ሙሽራ በር ላይ ቆማ ሳለች ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬ ሐሙስ ነው። ጸልዩልኝ።”

እህት ማርታ ፊቷን በመዝሙር ወረቀቱ ሸፍናለች። እኔ የአበባ ማሰሮውን አፈር ከልብሴ እያራገፍኩ፣ ሠርግ ማበላሸቴን ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን ማፍረሴን ነው እያልኩ ሳሰላስል፣ ከኋላ አንድ ነጂ ጮኸ።

“መጋቢ፣ መልሱ ሐ ነው! አይርሱት!”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሕሊና በሩ ላይ እንደቆመች ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ቬሏ ወርዶ አፍንጫዋ ላይ አረፈ።

“ኤክስኪዩዝ ሚ” አለች እንባዋን እየጠረገች፣ “እኔስ ልግባ?”

ሳጥኗ ወረፋዋን ጨርሳ ጭጭ ያለችው በዚያች ቅጽበት ነው። መልሼ ብሰካባት አትዘምርም፤ የቱ እንዳለ የቱ እንደሄደ ጠፍቶባታል። እማማ ብርሃኔ እልል አሉ፤ ነጂዎቹ ጠረጴዛ እየመቱ ጭብጨባ ጀመሩ፤ ሙሽራዋ በዚያ ገባች። ቃል ኪዳኑንም ያለ ሙዚቃ ተቀበሉ። መጋቢ “በክፉም በደጉም” ሲሉ ሰው ሁሉ ደግሞ ሳቀ፤ የጥያቄ ዘጠኝ ቁልቁለት ትዝ ብሎት መሰለኝ።

እራት ላይ ለእማማ፣ ጥፋት መስሎ እንዳይሰማቸው እየተጠነቀቅኩ፣ የሆነውን ነገርኳቸው።

“ቀዳዳው ባዶ ነበር” አሉኝ።

“ነበር እማማ፣ ግን ለስልክ አልተሠራም።”

“እንዳይሰካበት ከሆነ ታዲያ ለምን ቀደድከው?”

ይህንን ጥያቄ ሰኞ መሥሪያ ቤት ለአለቃዬ አቀረብኩለት። እሱም ብዙ ካሰበ በኋላ ስብሰባ ጠራ።

ከስብሰባው በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር፣ መጋቢ አፓርትመንት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እህት ማርታ ናት። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና “እህት ማርታ፣ በእኔ የተነሣ” ስል አቋረጠችኝ።

“ይቅርታ ልትል እንዳይሆን! ስንት ጊዜ ‘ቢኒ ንገራቸው’ ብዬ ለመንኩት። የእኔን አልሰማ ብሎ የሳጥንህን ሰማ። ግባ፣ ግባ፣ መቀመጫ ካገኘህ።”

መቀመጫ የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ነጂዎች በሙሉ ተሰብስበዋል። ምንጣፉ ላይ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ተጎታች ያለው ትራክ ነው ተብሎ ተኝቷል፤ የጨው ዕቃው ፓርክ ያደረገ መኪና ነው። አንዱ “ወደ ኋላ ሲሄዱ መሪውን ወደ ግራ” ይላል፤ ሌላው “የለም፣ ወደ ቀኝ፣ ተጎታቹ ነው ወደ ግራ የሚሄደው” ይላል። መጋቢ መሃል ተንበርክከው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ከእኔ የባሰ ግራ የገባው ሰው ሳይ በጣም ተጽናናሁ።

መጋቢ ሐሙስ ፈተናውን አለፉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው የመጀመሪያ ጉዟቸውን ጨርሰው፣ እሁድ ጠዋት በቀጥታ ከመንገድ መጡና ትራኩን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አቆሙት። ፓርኪንጉን ግማሹን ያዘው፤ ሰው መኪናውን ሣር ላይ እየተወ በእግሩ ገባ። ማንም አላጉረመረመም። ከአምልኮ በኋላ እማማ ብርሃኔ “እስቲ ከፍ አድርጉኝ” ብለው ነጂው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶውንም ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ሐዋሳ ላኩት።

ከሰዓት በኋላ የትዕግስት አጎት ከሐዋሳ ደወሉልኝ።

“ብርሃኔ አሜሪካ ትራክ ጀመረች አሉ! በዚህ ዕድሜዋ!”

“አይ ጋሼ፣ ትራኩ የመጋቢው ነው።”

“የመጋቢው? መጋቢው እያሉ እሷ የምትነዳው ለምንድነው?”

“አይነዱም ጋሼ፣ ፎቶ ነው የተነሡት። የሚነዱት መጋቢው ናቸው።”

“መጋቢው ትራክ ከነዱ ማን ይሰብካል?”

“እሳቸው። እሁድ እሁድ።”

“እሺ፣ አንተስ? አንተ ምን ትሠራለህ?”

ከመጀመሪያው፣ በእርጋታ፣ ስለ ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች፣ ስለሚሰካው፣ ስለሚነቀለው አስረዳኋቸው። ደህና ሄድኩ መሰለኝ። ስጨርስ ግን ከዚያ በኩል ድምፅ የለም።

“ሃሎ? ጋሼ?”

መስመሩ ተቋርጦ ይሁን፣ ዘግተውት ይሁን፣ ወይስ ገና እያሰቡበት ይሁን፣ ስልኬ ምንም አልነገረኝም። ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ። ትዕግስት ሳሎኑን አቋርጣ ስታልፍ አየችኝ።

“ከማን ጋር ነው የምታወራው?”

“እሱን ገና አላወቅኩም” አልኳት።